መሳይን ግደዪው አሉኝ

አዳማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋስ አለ፤ አቧራው ከመንገዱ እየተነሳ የሱቄን መስታወት ይሸፍነዋል። ያለነው፦ እኔ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጋደም ያለችው እናቴ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ የመጣ አንድ ተማሪ።

ለወንድሜ ለይትባረክ፤

ባለህበት አገር እግዚአብሔር በርህን ይጠብቅልህ። ገዢውን ያብዛልህ፤ ክፉውን ሰው ደጃፍህን ያስረሳው። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ልብ እንደ ድሮው ነው፤ በመድኃኒት ትውላለች።

በቀኑ፣ በአየሩና በቦታው ባሉት ሰዎች መጀመሬ አይግረምህ፤ የትምህርት ቤት ትእዛዝ ነው። ማስተርስ ጀምሬያለሁ፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ። የፈጠራ ጽሑፍ ይባላል። በየቀኑ ክፍል የሚገባበት ትምህርት አይደለም። በዓመት ሁለት ጊዜ ለዐሥር ዐሥር ቀን ባቱ፣ እኛ ዝዋይ እያልን ባደግንበት ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ እንሰበሰባለን። የቀረውን ወራት እያንዳንዳችን ቤታችን ሆነን እንጽፍና ለአማካሪያችን እንልካለን፤ እሳቸው አንብበው በደብዳቤ ይመልሱልናል። የእኔዋ አማካሪ ዶክተር ሰብለወንጌል ይባላሉ።

እኔን ታውቀኛለህ። ሃያ ዓመት የሌላ ሰው ጽሑፍ ስተይብ የኖርኩ ነኝ። ያነበብኩት ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ ደንበኛ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ የረሳውን ገጽ ነው። ዲግሪዬንም በርቀት ነው ያገኘሁት። ክፍል ውስጥ ሌሎቹ ሲናገሩ እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ።

የዚህ ዓመት የቤት ሥራችን ከአንድ የሩቅ ዘመድ ጋር በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ መለዋወጥ ነው። መደወል ክልክል ነው። «የሩቅ ዘመድ» ሲሉ የመጣህብኝ አንተ ነህ፤ የአባቴ የአክስቱ የልጅ ልጅ፣ ዘጠነኛና ዐሥረኛን ከእኛ ቤት እየበላህ የተማርክ። እኔ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ አንተም እንዲሁ አድርግ።

እውነቱን ለመናገር አንተን የመረጥኩት ለቤት ሥራው ብቻ አይደለም። ወንድሜ መሳይ ከመስቀል ወዲህ አልደወለም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። አንተ ደግሞ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነህ።

ነሐሴ ላይ ባቱ ስንሰበሰብ ስለ እሱ የጻፍኩትን አንብቤ ነበር። ማትሪክ ወድቆ ሳለ አልፌያለሁ ብሎ እማዬ በግ ያሳረደችበትን፣ ጎረቤት ጠርታ ያበላችበትን፣ እሱም አብሮ በልቶ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሞያሌ የጠፋበትን ቀን። ትምህርት ቤቱ በኢንተርኔት ገጹ ላይ አወጣው፤ ሰው ተቀባብሎት እናንተ ዘንድ ደረሰ። በመስቀል ዋዜማ ደውሎ፣ «እትዬ፣ በጉን ጻፍሽው አሉ» አለኝ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ ይዝጋው አላወቅሁም።

ተቀይሞኝ እንደሆነ ንገረኝ። ሌላ አልጠይቅህም።

እህትህ ጥሩነሽ


ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
ዝናብ ያለ ይመስላል። ያለሁት እኔ ብቻ።

ለማከብርዎት ለእትዬ ጥሩነሽ፤

ጤናዎን፣ የእማማን ጤና፣ የቤቱን ሁሉ ሰላም አብዝቼ እመኛለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ከዐሥረኛ ክፍል ወዲህ ከደረሰኝ ላይ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ እጄ እስክሪብቶ አይይዝልኝም።

ማስተርስ መጀመርዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እዚህ ያለነው ልጆች ሁሉ እንኮራለን።

መሳይ ደህና ነው። ወደ ገጠር ሱቅ ተዛውሯል፤ ከእኔ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ኔትወርክም የለበትም። ስልኩን ደግሞ ሰርቀውታል። ስለ በጉ የጠየቁኝን፣ አዎ፣ ትንሽ ከፍቶታል። ያልፍለታል። ጊዜ ይስጡት።

ታናሽዎ ይትባረክ

[ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ ተጽፎ ያልተላከ ገጽ ነበር። እኔ እጅ የገባው በነሐሴ ነው። በተጻፈበት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ጥ.]

እትዬ፣ መሳይ ሞቷል።

መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ነው። ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሁለት ሰዎች ገብተው በሽጉጥ መቱት። እኔ ስደርስ አልቆ ነበር።

አስከሬኑን ልንልክ አበሻ ሁሉ አዋጥቶ፣ ወረቀቱም አልቆ ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ዘንድ ደወልኩ፤ የእድሩ ዳኛ እሳቸው፣ የእማማም የእህት ባል እሳቸው ናቸው ብዬ። «የእናቱን ልብ እያወቅህ? አንድ ሬሳ ልካችሁ ሁለት ልታስቀብሩን ነው? እዚያው በክብር ቅበሩት። ልጅቱም የጀመረችውን ትጨርስ። መርዶው የእኛ ነው፤ ቀኑን እኛ እናውቃለን» አሉኝ። የሽማግሌ ቃል ነው፤ ቀበርነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማታውቁት እርስዎና እማማ ብቻ ናችሁ።

ለምን እንደማይደውል የምለው ነገር አጥቼ ሳምንታት ተጨነቅሁ። እርስዎ «ተቀይሞኝ እንደሆነ» ብለው ሲጽፉልኝ ውሸቱን ራስዎ አቀበሉኝ። ተቀበልኩዎት።

አልተቀየመም፣ እትዬ። ያንን ጽሑፍ በስልኩ ይዞ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ አንብቦልናል። እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። «ግን እኮ ጥሩ በግ ነበር» ይላል። «እህቴ ደራሲ ናት» ብሎ የማያውቃቸውን ሰዎች ያስቆም ነበር።

ይህን ገጽ አልልከውም። ስልክ መከልከሉም በጀኝ፤ ድምፄን ቢሰሙ ያውቁብኝ ነበር።


ባቱ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጠዋት። ሐይቁ ረግቷል፤ ዓሣ ከሚበለትበት በኩል ሽታ ይመጣል፤ አባ ኮዳ ወፎቹ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ተደርድረው ቆመዋል። ያለነው፦ እኔ፣ ከመቂ የመጣችው አስተማሪ ሱሃይላ፤ አንድ ክፍል ነው የተሰጠን።

ለወንድሜ ለይትባረክ፤

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። መልስህ ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ፤ ቢከፋኝም እውነቱን ስለነገርከኝ።

ሁለተኛው ስብሰባችን ላይ ነን። አሠራሩን ልንገርህ። የአንድ ሰው ጽሑፍ ለሁላችን ይታደላል፣ ዙሪያውን ተቀምጠን እንነጋገርበታለን። የጻፈው ሰው ግን አይናገርም። ቢሰድቡት፣ ቢያሞግሱት፣ ያልጻፈውን ጻፍክ ቢሉት፣ አንድ ሰዓት ዝም ይላል፤ በመጨረሻ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይነሳል። ለእኔ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ትናንት ተራዬ ነበር። ያቀረብኩት ሰላሳ ገጽ ነው፦ አንዲት ሴት ውጭ አገር ያለ ወንድሟ እስኪደውልላት ትጠብቃለች።

ጋዲሳ የሚባል የባንክ ሠራተኛ አለ፤ ቀልድ ካልጀመረ አይናገርም። «ደንቡን እናስታውስ» አለ። «ደራሲዋ አስከሬን ናት፣ እኛ ለቀስተኞች ነን። አስከሬን መልስ አይሰጥም።» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሚልካ የሻሸመኔ ልጅ ናት፣ ሬዲዮ ላይ ትሠራለች። በኦሮምኛ አክስቷን እንደምትጠራው «አዳዳ» ነው የምትለኝ። «አዳዳ፣ አትቀየሚኝ፤ ይሄ ወንድም ምንም አይሠራም። ሰላሳ ገጽ ሙሉ አይደውልም» አለች።

«ወይ ይደውል ወይ ይሙት» አለ ጋዲሳ።

«ተው እንጂ፣ ወንድሟ እኮ ነው» አለች ሱሃይላ።

«ወረቀት ላይ ነው ያለው። ማንም መቃብር አይቆፍርለትም።»

«አፍህ አያርፍም አንተ።»

«ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዘግቼው ነው የምውለው፤ እዚህ ልክፈተው እንጂ።»

ዶክተር ሰብለወንጌል እስኪበቃቸው ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ። «ጥሩነሽ፣ ከመጠበቁ ወዲያ ያለውን ፈርተሽዋል። ጽሑፍሽ በር ላይ ቆሞ ቀርቷል። ግደዪውና ምን እንደሚሆን እዪ» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ» ብዬ ተነሳሁ። አልገድለውም፤ አንተ ብቻ እወቅልኝ። ተቀይሞኝ ባለበት ሰዓት ይህን ብጽፍና እንደ በጉ ዞሮ ቢደርሰው ምን ይለኛል?

አንድ ደስ የሚለኝን ደግሞ ልንገርህ። ሰፈሩ አክባሪዬ ሆኗል። ጎረቤታችን ዋፊቃ ድሮ ከመንገድ ማዶ «አንቺ፣ ደብዳቤዬን አልተየብሽም?» ብላ የምትጮህብኝ፣ አሁን ሳልፍ ከመቀመጫዋ ትነሳልኛለች። ዛኪር ሱቅ ስገባ ጨዋታው ይቆማል፤ ወረፋ ሳልይዝ ያስተናግዱኛል። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከእድር ሥራ ነፃ አወጡኝ፤ «አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ለቅሶ ቤት አትንከራተቺ» ብለው። ማስተርስ ለካ እንዲህ ያስከብራል። አንገቴ ትንሽ ቀና ብሏል፤ ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ለመሳይ እንዲህ በልልኝ፦ በጉን ከጽሑፌ አውጥቼዋለሁ፤ ከትምህርት ቤቱም ገጽ ላይ አስነስቼዋለሁ። ሁለተኛ ሳላስፈቅደው አልጽፈውም። ይቅር ይበለኝ።

እህትህ ጥሩነሽ


ጆሃንስበርግ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፀሐይ ነው። ያለነው እኔና ሁለት ደንበኞች።

ለእትዬ ጥሩነሽ፤

ሰላምዎ ይብዛ። እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ።

መልእክትዎን አድርሻለሁ። ያለበት ድረስ ሄጄ፣ የጻፉትን ቃል በቃል አንብቤለታለሁ። ምንም አልመለሰልኝም።

እሱ ይከፍልልዎ የነበረውን የትምህርትዎን የሁለተኛ መንፈቅ ክፍያ በስሙ ልኬያለሁ። ከሱቁ ዕቃ ሽያጭ የመጣ ነው፤ የእርሱ ገንዘብ ነው።

እትዬ፣ ይህን ደብዳቤ ከሌላ ዘመድ ጋር ቢያደርጉትስ? ሐዋሳ ያሉት የአጎትዎ ልጆች የተማሩ ናቸው፤ እኔ ምን አውቄ እጽፋለሁ?

ታናሽዎ ይትባረክ


አዳማ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሙቀት፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። መብራት የለም፣ ማሽኖቹ ቆመዋል። ያለነው፦ እኔና እማዬ፤ ዋፊቃ አሁን ወጣች።

ለወንድሜ ለይትባረክ፤

መድኃኔዓለም አንተንም ሥራህንም ይባርክ። ሌላ ዘመድ አልፈልግም። መሳይ ያለው አንተ ዘንድ ነው።

ክፍያው ደርሷል። ለእማዬ «መሳይ ነው የላከው» ብላት ስልኬን ተቀብላ ስሙ ያለበትን መልእክት ሳመችው። እኔ ግን አልገባኝም። ተቀይሞ የማያናግረኝ ሰው ለምን ያስተምረኛል? ነውረኛ ነኝ ማለት ነው፤ እሱ ተናዶብኝም ወንድምነቱን አልተወም፣ እኔ ግን ለማርክ ብዬ ገበናውን አወጣሁ። አንዳንድ ቀን መጻፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የሚመጣልኝ ይኸው ብቻ ነው።

ዶክተር ሰብለወንጌል በወር በወር ስለላክሁት ገጽ ሁለት ነገር ጻፉልኝ። አንደኛው ምስጋና ነው። ሰፈሩ እንዴት እንዳከበረኝ የጻፍኩትን ምዕራፍ ወደውታል። «የሰው ፊት ማንበብ ታውቂበታለሽ» አሉኝ። እዚያ ውስጥ የዛሬውን የዋፊቃን ዓይነት ነገር ነው የጻፍኩት። መጥታ ሳህን ሙሉ ሳምቡሳ አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች።

«ትምህርቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ዋፊቃ።»

«በርቺ። መበርታት ነው እንግዲህ። ሌላ ምን ይደረጋል?»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሳልማር ቀረሁ ብላ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል ነው ያስወጧት። እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፤ ላልተማረችው ጎረቤቴ አዝኜ።

ሁለተኛው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በነሐሴው ስብሰባ ወንድምየው የሚሞትበትን ምዕራፍ ካላቀረብኩ ወደ ሁለተኛው ዓመት አያሳልፉኝም። «ከማዘንሽ ጀርባ ተደብቀሻል» አሉኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። አንድ፣ እዚያ አገር ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚቀበር ጻፍልኝ። ማን ይገኛል፣ ማን ይጸልያል፣ አፈሩ ምን ይመስላል፤ አላየሁትምና መፍጠር አልቻልኩም። ሁለት፣ ከዚያ በፊት መሳይን አስፈቅድልኝ። «እህትህ በወረቀት ላይ ልትገድልህ ነው፣ ትፈቅዳለህ?» በለው። ከሳቀ እጽፋለሁ። ከከፋው ትምህርቱን እተወዋለሁ፤ አልቀልድም። ወንድሜ ካላናገረኝ ማስተርስ ምን ያደርግልኛል?

እህትህ ጥሩነሽ


ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ብርድ ነው። ሱቁን ዘግቻለሁ። ያለሁት እኔ።

እትዬ ጥሩነሽ፤

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎት።

የጠየቁኝን ልጻፍ። እዚህ ቀብር ቅዳሜ ነው፤ በሌላ ቀን ሰው ሱቁን ዘግቶ መምጣት አይሆንለትም። ካህኑ ከሌላ ከተማ በመኪና ይመጣሉ። ጉድጓዱ በማሽን ነው የሚቆፈረው፣ አፈሩ ቀይ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ሌላ ቀብር ስለነበረ የመቃብሩ ሠራተኛ ሰዓቱን እያየ ቆሞ ነበር። ሴት አልነበረም። የሴት ለቅሶ የሌለበት ቀብር ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ወንዶቹ ማን እንደሚጀምር ግራ ገብቶን ተያየን። ሃዊ የምትባል የአርሲ ነገሌ ልጅ ሱቋን ለሰው ጥላ ሮጣ ደረሰች፤ እሷ ስትጮህ ነው ሁላችንም ማልቀስ የቻልነው። ማሽኑ አፈሩን ሲመልስ ሞተሩ ለቅሶውን ዋጠው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ተነሳሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ በላይ አልሄድ ብሎኛል።

ፈጠራ መጻፍ አልችልም፣ እትዬ። ይህ የመሳይ ቀብር ነው። ባለፈው መስከረም ነው የሞተው፤ ሱቁ ውስጥ ተኩሰውበት። አስፈቅድልኝ ብለው ሲጽፉ ከማን ላስፈቅድልዎ? በመጋቢት «አንብቤለታለሁ» ያልኩዎት መቃብሩ ላይ ቆሜ ነው። እሱን እንኳ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

በኅዳር ጽፌ ያልላክሁት ገጽ አብሮ አለ። ሌላው እዚያ ውስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ፍልሰታ ሲፈታ ሊነግሯችሁ ቀን ቆርጠዋል። እኔ ቀደምኳቸው፤ ይርገሙኝ።

ይትባረክ


አዳማ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሌሊቱን የዘነበው አሁንም አላቆመም። የእድሩ ድንኳን ውሃ ቋጥሯል፤ በእንጨት እየገፉ ያፈሱታል። ያሉት፦ እማዬ፣ የደብረ ዘይት ዘመዶች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ብዙ ሰዎች።

ይትባረክ፤

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ነው። ደንበኛ ነበረኝ፤ ገጾቹን ቆጥሬ፣ ጠርዤ፣ አስረክቤ ሸኘሁት። ከዚያ የአንተን ገጽ ደግሜ አነበብኩ።

ለዶክተር ሰብለወንጌል ደወልኩ፣ ባቱ እንደማልመጣ ልነግራቸው። «ወንድሜ ሞቷል» አልኳቸው።

«ጎበዝ። በመጨረሻ ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩትም። ሞቷል።»

አሁን ገባቸው። «ዓመቱን አሸጋግርልሻለሁ፣ ለእሱ አታስቢ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። የጻፍኩት ግን ነበር። በሐምሌ፣ መልስህ ሲዘገይ፣ ፈቃዱን ሳላገኝ ጽፌዋለሁ። በትኩሳት ታሞ፣ አልጋ ላይ፣ ሰው እጁን ይዞት እንዲሞት አድርጌዋለሁ። እንዲያሳዝን ብዬ ብዙ ለፍቼበታለሁ።

በማግስቱ ጋሽ ወልደአማኑኤል ቤት ሄድኩ። ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቴን ሲያዩ አወቁ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ማን ያውቃል፣ ጋሼ?»

«ያው ሰዉ ነዋ።»

«ዛኪር?»

«አዎ።»

«ዋፊቃ?»

«እሷማ ማልቀሷን ልታቆም አልቻለችም። ሳምንት ሙሉ ከቤት አትውጪ ብለን ይዘናት ነበር። ጎበዝ ናት፣ ቻለችው።»

«ከእድር ነፃ ያወጡኝስ?»

«ለቅሶ ቤት ሄደሽ አንዱ አፉ ቢያመልጠውስ ብለን ነው፣ ልጄ። እኛ ለአንቺ ነው። ትምህርትሽን ጨርሺ ብለን። ለእናትሽም ጾሙን ትፍታ ብለን።»

«ነገ ጠዋት ኑ» አልኳቸው።

«ፍልሰታው ሳይፈታ?»

«ነገ።»

እንግዲህ ለአንተ የምለው ይህ ነው። ሞቱን በመደበቅህ አልከስህም። እዚህ አገር እንደዚያ ነው የሚደረገው፤ መርዶ በቴሌግራም አይነገርም፣ ሽማግሌም ሲያዝዝ እንቢ አይባልም። ከሰፈሩ ጋር ደግሞ የምኖረው እኔ ነኝ፤ ሲያዝኑልኝ ተከበርኩ ብዬ አንገቴን ያቀናሁት፣ የዋፊቃን እንባ በአራተኛ ክፍል ያሳበብኩት እኔ ነኝ። ፊት ማንበብ ታውቃለች ተብዬ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ይህን ለብቻዬ እይዘዋለሁ።

የአንተ ጥፋት ሌላ ነው። ታሞ ነው፣ ታስሮ ነው፣ ድንበር ተሻግሯል ማለት ትችል ነበር። ሺህ ውሸት ነበረልህ። አንተ ግን የእኔን ፍርሃት አንስተህ መልሰህ ለእኔው ሰጠኸኝ። ሰማንያው ሲወጣ፣ መንፈቁ ሲወጣ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ የማያኮርፍን ሰው ይቅርታ እለምን ነበር። እያነበበ የሳቀበትን ጽሑፍ በእጄ አስጠፋሁት። በሕይወቱ ያልተቀየመኝን ወንድሜን ከሞተ በኋላ አስቀየምክብኝ። «ኮርቶብዎት ነበር» የሚለውን ከኅዳር ጀምረህ ይዘኸዋል፤ ያንን እንኳ ከሞቱ ለይተህ ልትነግረኝ ትችል ነበር። «ስቋል» ብቻ ብትለኝ በቂዬ ነበር።

የቤት ሥራው አልቋል። ደብዳቤዎቹን በቅደም ተከተላቸው አድርጌያቸዋለሁ፤ አስረክባቸው እንደሆነ ገና አልወሰንኩም። መልስ አትጻፍልኝ። ስትመጣ በራችን ክፍት ነው፤ የዘመድ በር ነው፣ ልዘጋው አልችልም። እንዳለፈው ግን አይሆንም።

መሳይ ያለ እናትና ያለ እህት ለቅሶ ስለተቀበረ፣ እዚህ እንዴት እንደተለቀሰለት ልትነግረው ከፈለግህ፣ በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው።

ሳይነጋ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። የእማዬን መድኃኒት በብርጭቆ ውሃ ይዤ ገባሁና አጠጣኋት፤ ትንሽ እስኪሠራ ብዬ ሱቁ ውስጥ ገብቼ ፎቶ ኮፒ ማሽኑንና ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋሁ። ወንበሮቹን ደረደርኩ። ምንጣፉን አራግፌ አነጠፍኩ። ተመልሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣ መሳይ ሞቷል። መስከረም ላይ ነው። ሰዎች ገድለውት ነው። እዚያው ቀብረውታል።»

አየችኝ። አልጮኸችም።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ከትናንት በስቲያ።»

«ሁለት ቀን ደበቅሽኝ?»

 እጇን ከእጄ አወጣች። ከዚያ ነው የጮኸችው። ልቧ አልቆመም። ዐሥር ወር ሙሉ ሁሉም የፈራላት ልብ ጩኸቷን ቻለው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርጄ ወገቧ ላይ አሰርኩላት። የእኔንም አሰርኩ።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ ከእነሱ ኋላ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው።

«ነግሬያታለሁ» አልኳቸው።

ጋሼ ሊናገሩ ያዘጋጁት ነገር አፋቸው ላይ ቀረ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩ። «እኛስ ታዲያ ምን እናድርግ?» አሉኝ።

«አልቅሱ።»

ጫማቸውን ደጅ እያወለቁ አንድ በአንድ ገቡ። እኔ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩና እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፍኩት።

ጥሩነሽ